ቀለም የሌለው ሰም

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?» አላት የእናቷ ባል ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ጥቁር ቡናማ፣ በሌላው ቀለም የሌለው የእንጨት ሰም ይዞ።

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች። ሳሎን ያሉትን ሁለት አሮጌ ብፌዎች አባቷ በሕይወት ሳለ ይወለውላቸው የነበረው ቀለም በሌለው ሰም ነው፤ ያውም በስሱ። ግን የፈተናው ሳምንት እንቅልፍ ነስቷት ሁሉም ነገር ደብሯታል። ደግሞስ የአባቷን ነገር ለዚህ ሰው ምን በወጣት ትነግረዋለች?

«እንደፈለጉ» አለችው። ገና ቤታቸው ሲገባ «እርስዎ» እንዳለችው እስካሁን «እርስዎ» ነው።

ባለሱቁ ጥቁሩ ጭረት ይሸፍናል ስላለ ጥቁሩ ተገዛ።

ሰውየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሳምንት አንዴ የሚያገኛትን የዕረፍት ቀን ሚስቱን ላስደስት ብሎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ዋለ። ሰሙን ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው እያወፈረ ለደፈው። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ የምታጠና መስላ ታየዋለች።

ከሰዓት በኋላ ፈካ ያለው እንጨት ጭቃ የተረጨበት መሰለ። ሲነኩት ይጣበቃል፤ የጨርቁ ብናኝ ሁሉ ላዩ ላይ ቀርቷል። ሰውየው ቢፈትገው፣ ቢፈትገው አልሆነለትም። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ዘጭ አለና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ።

«የአባትሽን ዕቃ አበላሸሁት» አለ ቀስ ብሎ።

አንድ ቀን እንዲህ ሲዋረድ ለማየት ስንቴ ተመኝታ ነበር። አሁን ግን ደስታው የት እንደገባ ጠፋባት። የሰውየው ዓይን በድካም ቀልቷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል።

እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትመለስ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀች። እሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሊጀምር ሲል ልጅቷ ቀደመችው።

«እማዬ፣ ጠይቀውኝ ነበር። የትኛው እንደሚሆን እያወቅኩ እንደፈለጉ አልኳቸው።»

እናቷ ልጇን አየቻት፤ ባሏን አየችው። ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበራትም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ልጅቷ መስኮቱን ከፈተች። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ተርፎ የነበረውን የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ከጓዳ አውጥታ ጨርቅ ነከረች።

«ይለቃል?» አላት ሰውየው፣ የተኛችው እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በአንዴ አይለቅም። አይጫኑት፤ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይጥረጉ። አባዬ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

ጎን ለጎን ተንበርክከው ጠረጉ። ሲመሽ ግን የለቀቀው የአንዱ ብፌ አንድ በር ብቻ ነበር፤ እሱም በወጉ አልጠራም። ሰውየው ወገቡን ይዞ በመከራ ተነሳ፤ አንቺ ወደ ጥናትሽ ሂጂ፣ የቀረውን እኔ እንደምንም እጨርሰዋለሁ አላት።

«ብቻዎን አይጀምሩት» አለች። «በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንዎ እኔም ቤት ነኝ።»