ቡሬን ማን ዳበሰው?

ቡችላው ቡሬ ከነቀምቴ አርጆ የገባው በካርቶን ውስጥ ነው። ያመጣው የእንስሳት ሐኪሙ ጂሬኛ ሲሆን የበጎቹን ባለቤት አቶ ሀብተጊዮርጊስን አጥብቆ አስጠነቀቃቸው።

«ከበጎቹ ጋር ጉረኖ ውስጥ ይደር፤ እዚያው ይብላ። ማንም እንዳይዳብሰው። ሰው የለመደ ጠባቂ መንጋውን ይተዋል።»

በሁለት ዓመቱ ቡሬ ጥጃ አከለ። አንድ ማለዳ ከጅብ ጋር ተናንቆ አንገቱ ተቦጭቆ ተገኘ። ጂሬኛ ቁስሉን ሊያጥብ ሲመጣ፣ የቤቱ ልጅ ዝማሬ ጭንቅላቱን ካልያዘችለት ውሻው አላስነካ አለ። ያዘችለት። ጆሮውንም አሻሸችው።

ቁስሉ በሳምንት ደረቀ። ሐኪሙ ግን ወር ሙሉ ተመላለሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አባትየው የጠረጠሩት ጅቡን ብቻ ነበር።

«ድኗል እኮ» አለችው ዝማሬ አንድ ቀን።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታይ ትመጣለህ?»

ጂሬኛ ፋሻውን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ወዳዋለች፤ ይህንን የነገረችው ግን ለቡሬ ብቻ ነው።

ቡሬም ጉረኖውን ትቶ የዝማሬ ደጃፍ ላይ መተኛት ጀመረ። ጅብ ሁለት በግ በላ።

«ማነው የዳበሰው?» አሉ አባትየው ግቢው መሃል ቆመው።

ዝማሬ አፏን ስትከፍት ጂሬኛ ቀደማት። «እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አትዳብሱ ባዩ አንተ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው ያበላሸኸውን ይዘህ ሂድ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ። ዴሚ! ሂድ!» ሲቆጡ ኦሮምኛ ይቀናቸዋል።

ጂሬኛ የቡሬ አንገት ላይ ገመድ አስሮ «ኮቱ፣ ቡሬ! ኮቱ!» እያለ ሳበ። ውሻው ንቅንቅ አላለም። ዝማሬ ሳይታወቃት ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ስትራመድ ተነስቶ ተከተላት። ስትቆም ቆመ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጃቸውን አዩ፤ ገመድ የያዘውንም አዩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለችው ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ያበላሸኸው ውሻውን ብቻ አይደለም ለካ» አሉ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ላክ።»

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጂሬኛ በቡሬ ምትክ ሌላ ቡችላ ላከ፤ ማስጠንቀቂያውም ያው የድሮው ነበር።

ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ጉረኖው ውስጥ ቡችላው የለም። የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ጭን ላይ ተኝቷል።

«አባባ! አይዳበስም ተብሎ!» አለች ዝማሬ።

«ታዲያ ከማን ጋር ላውራ?» አሉ፤ ጆሮውን ማሻሸታቸውን ሳይተዉ።