በሌዲ ማሪሶል ላይ የነበረችው ሴት

ኬንድራ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እህቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳቀችባት። «በዚያች አሮጌ መርከብ? እሷን እኮ እስካሁን ያቆማት ቀለሙ ነው!»

እውነቷን ነበር። ፓልም ቢች ወደብ ላይ የቆመችው ሌዲ ማሪሶል ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ትመስላለች። ቀረብ ሲሏት ግን ነጩ ቀለም በላይ በላዩ ተደራርቦ፣ ዝገቱ ከሥሩ አብጦ ይታያል። አንደኛው አሳንሰር ከተበላሸ ቆይቷል። እሷና ፍቅረኛዋ ዌንዴል የያዙት ክፍል ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ውኃ ይተፋል። አልጋው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ኬንድራ ግን ቅር አላላትም። ዌንዴል «አብረን እንሂድ» ብሎ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበርና በታንኳም ቢሆን ትከተለው ነበር።

የተዋወቁት ጃክሰንቪል፣ እሷ በምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ነው። በበጋው ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ሊጠግን መጣ። ጣሪያ ውስጥ ቆይቶ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ሰጠችው።

«ጥርስሽ ያምራል» አላት።

«እዚህ ለምትሠራ ሴት ይሄ ሙገሳ አይደለም። የደንብ ልብሴ ነው» አለችው።

ዌንዴል እስኪያንቀው ሳቀ። በማግስቱ ምንም ሳይበላሽ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አብረው ሆኑ። ዌንዴል ዝምተኛ ነው። ስለ ድሮ ሕይወቱ ስትጠይቀው «እዚህም እዚያም ሠራሁ» ብሎ ያልፋታል። እሷም ዝምታውን ጨዋነት ነው ብላ ወደደችለት።

የመጀመሪያው ምሽት ራት ላይ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ቀጭን አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛቸው መጣች። ደረቷ ላይ ያለው ስም «ሂሜና» ይላል፤ ከሥሩ የአገሯ ስም ተጽፏል፦ ሆንዱራስ። የኬንድራን ዓሣ አስቀመጠች፤ በቀይ ሽንኩርት የተሸፈነ ነበር። የዌንዴልን አስቀመጠች። የእሱ ላይ አንዲት ቁራጭ ሽንኩርት አልነበረችም።

«ይቅርታ፣ የእሱ ለምን ተለየ?» አለች ኬንድራ ፈገግ ብላ።

ሂሜና ሳህኑን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው የአስተናጋጅ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ተሳስቼ ነው፣ እመቤቴ። ልቀይረው?»

«አይ ተዪው። እሱ ሽንኩርት አይበላም።»

ኬንድራ ይህን ለማወቅ ወራት ፈጅቶባት ነበር። ይህች ሴት ግን ሳትጠይቅ አወቀች። ቀና ብላ ዌንዴልን አየችው። ዓይኑ ሹካው ላይ ተተክሏል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ራቱን ትታ ወደ ላይኛው ወለል ወጣች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ዌንዴል ተከትሏት መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ዝም አለ። ኬንድራ ያን ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላችው።

«ማን ናት?»

«ኬንድራ...»

«ስሜን አውቀዋለሁ። የእሷን ንገረኝ።»

«እዚህ መርከብ ላይ እሠራ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማሽን ክፍል። ልንጋባ ነበር። እናቴ ስትታመም ወረድኩ፤ እመለሳለሁ ብያት። እናቴ ሞተች። ከዚያ... አልተመለስኩም። አልደወልኩምም።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ አቅም አጣሁ። በኋላ አፈርኩ። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይበልጥ አፈርኩ። አሁን መርከቧ ልትፈርስ ተሸጠች ሲባል ሰማሁ። ሠራተኛው ይበተናል። ይቅርታ ሳልጠይቃት...»

«እኔን ለምን አመጣኸኝ?»

ዌንዴል ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«ንገረኝ እንጂ! ለሽርሽር ነው ብለኸኝ አዲስ ቀሚስ ገዝቼ መጣሁ እኮ!»

«ብቻዬን ብመጣ ከደረጃው የምመለስ መሰለኝ።»

«ጋሻ አድርገህ ነው ያመጣኸኝ ማለት ነው» አለችው። «አሁንም ትወዳታለህ?»

«አንቺን ነው የምወደው።»

«ትናንት ብትለኝ አምንህ ነበር።»

በማግስቱ መርከቧ የምትቆምበት ደሴት፣ ፍሪፖርት ወደብ ሲደርሱ «ብቻዬን ነው የምሄደው» ብላው ወረደች። ባሕሩ ዳር ተቀመጠች፤ ውኃውን ግን አላየችውም። የምታየው ሂሜናን ነበር። ከእኔ በስንት ዓመት ትበልጣለች? አንገቷ ግን ረጅም ነው። እንዴት ነበር የሚጠራት? እኔን የሚጠራኝ በዚያው ስም ይሆን? ራሷን እየተቆጣች፣ መልሳ እዚያው ሐሳብ ውስጥ እየገባች ቀትር ሆነ።

ወደ መርከቡ ስትመለስ ሁለቱን ወደቡ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ሂሜና ትናገራለች፤ ዌንዴል አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሴትዮዋ ተናግራ ስትጨርስ ልትሄድ ተነሣች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጎንበስ ብላ የተገለበጠ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና ሄደች።

ኬንድራ ቢሳሳሙ ይሻላት ነበር። መሳሳምማ የአፍታ ስሜት ነው ብላ ታልፈው ነበር። ኮሌታው ግን አብሮ የመኖር ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በር ላይ፣ ሳይታሰብ የሚደረግ።

እግሯ በቀጥታ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ወሰዳት። ሂሜና ብቻዋን ሹካ እየደረደረች ነበር።

«አዳራሹ ገና አልተከፈተም፣ እመቤቴ። ራት ምሽት ላይ ነው።»

«ለራት አልመጣሁም። ኮሌታውን ሲያስተካክሉለት አየሁ።»

ሂሜና ሹካውን አስቀመጠች። «እኔም ካደረግኩት በኋላ ነው ያየሁት» አለች። «ልሰድበው ነበር የወረድኩት። ሰደብኩትም። ከዚያ እጄ የራሱን ሥራ ሠራ። እጅ ይቆያል፤ ከልብ በኋላ ነው የሚረሳው።»

«ልብዎስ?»

«ልቤ መቼ ጠየቀኝ!» ብላ በአጭሩ ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ «ቁጭ በይ» አለቻት፤ አነጋገሯ ተለወጠ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ወደብ በደረስን ቁጥር ማን ተሳፈረ እያልኩ ደረጃውን ሳይ ኖሬያለሁ። ሰው ሞተ ቢሉሽ ታለቅሻለሽ፣ ይወጣልሻል። ከዳሽ ቢሉሽ ትረግሚዋለሽ። ምንም ካላሉሽ ግን ምን ታደርጊያለሽ?»

ኬንድራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የተዘጋጀችው ለጠብ ነበር።

«ይቅር አልሽው?» አለቻት።

«አላልኩትም። አንድ ቀን እል ይሆናል፤ ሲመጣልኝ። ለሽርሽር የመጣ ሰው አዝዞኝ እንደ ራት የማቀርበው ነገር አይደለም።» ሂሜና ሹካዎቿን መልሳ አነሣች። «አንቺ እኔን አትፍሪ። እኔ ወደ አገሬ ነው የምሄደው፤ ላ ሴይባ ከተማ፣ በእህቴ ሱቅ አብረን ልንሠራ ነው። የምትፈሪው ሌላ ነው፤ ሲከብደው ዝም ብሎ የሚጠፋውን ዌንዴልን ነው። እሱን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ገና አልተዋወቅሽውም።»

ኬንድራ ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ቅናቷ አልለቀቃትም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ያንገበገባት የሴትዮዋ አንገት ወይም የኮሌታው ነገር አልነበረም። ይህች ሴት የዌንዴልን ክፉውንም ደጉንም ታውቃለች። ለእሷ ግን የተሰጣት የተወለወለው ግማሹ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ፓልም ቢች ተመልሰው ከመርከቡ ሲወርዱ ሂሜና ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ደረጃው ላይ ቆማ ተሳፋሪውን ትሰናበታለች። ዌንዴል ቆመ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ደህና ሁኚ፣ ሂሜና። ያኔ ልልሽ ይገባኝ ነበር» አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት፣ ሌላ ምንም አላለችውም። ለኬንድራ ግን እጇን ዘረጋችላት፤ ተጨባበጡ።

መኪናዋ የኬንድራ ነበረች። ዌንዴል በሩን ከመክፈቱ በፊት ከጣራዋ በላይ አየችው።

«በአውቶቡስ ሂድ ልልህ ነበር» አለችው።

«ይገባኛል።»

«ግባ። ግን እስከ ቤት ድረስ ታወራለህ። ከመጀመሪያው ጀምረህ። ዝም ካልክ አወርድሃለሁ፤ አውራ ጎዳናው ላይም ቢሆን!»

ጀመረ። መጀመሪያ ቃል እየተናነቀው፣ ከዚያ እየተፍታታ። ስለ ማሽን ክፍሉ ሙቀት፣ እሱና ሂሜና በእረፍት ሰዓት የተጠቀለለ ገመድ ላይ ተቀምጠው ስለሚበሉት ብርቱካን፣ ስለ እናቱ የመጨረሻ ሳምንታት፣ ስልኩን አንሥቶ ስለሚያስቀምጥባቸው ምሽቶች። ብርቱካኑ ላይ ሲደርስ ኬንድራ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አመማት። ግን «ቀጥል» አለችው። አንድ ጊዜ ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር።

ጃክሰንቪል ገብተው ቤቷ በር ላይ መኪናዋን አቆመች።

«አሁን ሁሉንም ታውቂያለሽ» አለ ዌንዴል። «ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ የትም አልሄድም። እምልልሻለሁ።»

«አልሄድም በል አላልኩህም። ሂሜናም እመለሳለሁ ተብላ ነው የቀረችው።» ወደ እሱ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አሁንም ትቀናለች፤ ገና ብዙ ጊዜ እንደምትቀናም ታውቃለች። «አንድ ቀን መሄድ ካማረህ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ ንገረኝና ሂድ። ይሄን ማልልኝ።»

ዌንዴል ቶሎ አልመለሰላትም። ኬንድራ ጠበቀችው። ይህ ዝምታው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ሰው ሊገባ ያለውን ቃል ሲመዝን ያስታውቃል።

«እነግርሻለሁ» አላት። «አፍሬም ቢሆን እነግርሻለሁ።»

«እንግዲያው ና፣ ግባ» አለችው።