የማሟሟቂያው ክብደት

ሟቿ የተገኘችው የክብደት ማንሻው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባዋ እንደተኛች፣ ብረቱ አንገቷ ላይ ተጋድሞ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች አጥንታቸው እንዳይሳሳ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት የሚያነሱበትን ይህን ክፍል ሁልጊዜ ቀድማ የምትከፍተው እሷ ነበረች። በዚያን ዕለትም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከፈተች። አንድ ሰዓት ላይ አሰልጣኟ ስትደርስ ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

መርማሪዋ ስትመጣ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን በራሱ ሚዛን ጨርሶት ነበር። አሮጊት፣ የሳሳ አጥንት፣ ከአቅም በላይ የሆነ ብረት። አሰልጣኟን ጥግ አስቀምጦ፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል እንደምትጠየቅና ክፍሉም እንደሚታሸግ ነግሯታል።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ከሬሳው ይልቅ ብረቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ግራና ቀኝ አምስት አምስት ኪሎ፤ ከባዶው ብረት ጋር ሃያ አምስት። ክብደቶቹ እንዳይንሸራተቱ የሚይዙት ቀለበቶች በሁለቱም ጫፍ ጥርቅም ተደርገው ታስረዋል።

«ቀለበቶቹን ማን ነው ያሰራቸው?» ስትል አሰልጣኟን ጠየቀቻት።

«እኔም እሱን ነው ለእሳቸው የምነግራቸው» አለች አሰልጣኟ ወደ ፖሊሱ እያየች። «ተኝታ፣ ብቻዋን የምታነሳ ሴት ቀለበት አታስርም። ከከበዳት ብረቱን ወደ ጎን ታዘነብለዋለች፤ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ እሷ ትተርፋለች። ሁሉንም መጀመሪያ ቀን የማስተምራቸው ይህንን ነው። ደግሞስ ሃያ አምስት ኪሎ ለእኚህ እናት ምናቸው ነው?»

ፖሊሱ ፈገግ አለ። መርማሪዋ ግን አላመነቻትም፣ አልተጠራጠረቻትምም። ራሷን ለማዳን የምትናገር ሰው እውነት ልትናገርም ትችላለች።

ቀጥሎ ያነጋገረችው ጡረታ የወጣችውን አዋላጅ ነው፤ ከሟቿ ጋር ተጣምራ የምታነሳውን ወዳጅዋን። አሰልጣኟ ያለችውን ሳትነግራት፣ ጓደኛዋ ምን ያህል ታነሳ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ሠላሳ አምስት» አለች አዋላጇ እንባዋን በእጅዋ ጀርባ እየጠረገች። «ሃያ አምስትማ ማሟሟቂያዋ ነው። አሥር ጊዜ አንስታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ ‹አንቺ ሰነፍ፣ አሁን እንጀምር› ትለኛለች።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር አወራቻት። ሟቿ ዛሬ ከስፖርቱ በኋላ ማንም ሴት እንዳትሄድ አሳስባ ነበር። ለሁሉም የምትነግረው ነገር አለ፤ ግን ይሉኝታ ይዟት፣ ነገሩ የሚመለከተውን ዘመዷን ትናንት ማታ ቀድማ በስልክ ልታስጠነቅቅ ነበር። ዘመዷ ማን እንደሆነ አዋላጇ አታውቅም። መርማሪዋ የሟቿን ቦርሳ ስትከፍት አንድ የአጥንት ኪኒን ጠርሙስና ከላቦራቶሪ የመጣ አንድ ወረቀት አገኘች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ዘመድ ከተባለ ሁለት ብቻ ነበሩ።

አንዷ ልጅዋ ናት። ጎረቤቶች ባለፈው ሳምንት በእናቷ ላይ ስትጮህ ሰምተዋታል። ስትጠየቅ ጭንቅላቷን ይዛ አለቀሰች። «የጋዙን ሲሊንደር ከነሙላቱ ብቻዋን ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሰው እኔን ምን ይለኛል? እሱን ነው የጮህኩባት፤ ምናለ አፌን በቆረጠው።»

ሌላው ቀደም ብላ ያረፈችው የታናሽ እህቷ ባል፣ ፋርማሲስቱ ነው። ሴቶቹ ሁሉ የአጥንት ኪኒናቸውን የሚገዙት ከእሱ ሲሆን፣ ደግነቱን አመስግነው አይጠግቡም። ቀኑ ቢሞቅም የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል፤ ለመርማሪዋም የዘረጋላት ግራ እጁን ነበር። የሞቱን ዜና የሰማሁት ሱቄን ከፍቼ ስሠራ ነው አላት።

«ብረቱን ተይ ብዬ ስንቴ ለመንኳት መሰለዎት» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ከሦስት ዓመት በፊት ራጅዋን ያየሁት እኔ ነኝ። አጥንቷ ብርጭቆ ነው። እንኳን ብረት፣ ሕፃን ልጅ ብታቅፍ ይሰበራል።» ከዚያ አሰልጣኟን በክፉ ዓይን አይቶ፣ እንዲህ ዓይነቷ ካልታሰረች ማን ይታሰራል ሲል ጨመረ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ማንም ማንንም አያይም፤ ልጅየዋ እንኳ ከአሰልጣኟ ርቃ ነበር የተቀመጠችው።

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደውሎልኝ ነበር» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «ብረት ጉሮሮ ላይ ቢወድቅ የሆነ ነገር ይሰብራል። የሟቿ ግን አንድም አጥንት አልተሰበረም። የታፈነችው በለስላሳ ነገር፣ ምናልባት በፎጣ ነው። ብረቱ የተቀመጠባት ከሞተች በኋላ ነው።»

ልጅየዋ አፏን በሁለት እጅዋ ያዘች።

«ገዳዩ አደጋ እንዲመስል ፈልጓል። ግን ሁለት ስህተት ሠርቷል። ቀለበቶቹን አሰረ፤ የዚህ ክፍል ሰው ይህን አያደርግም። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ጫነ። አሰልጣኟ ወይም እትዬ አዋላጅ ቢሆኑ ኖሮ ከሠላሳ አምስት በላይ ይጭኑ ነበር፤ በማሟሟቂያዋ ሞተች ብሎ የሚያምን እዚህ የለማ።»

«ሠላሳ አምስት?» አለ ፋርማሲስቱ። ቃሉ ያመለጠው ይመስል ነበር።

«ሠላሳ አምስት። ልጅዋም ብትሆን፣ ከዚህ ብረት የማያንስ ሲሊንደር ሦስተኛ ፎቅ ስታወጣ ያየች ናት፤ እናቴ በዚህ ትሞታለች አትልም። ይህ ክብደት ይገድላታል ብሎ የሚያምነው፣ አጥንቷ ዛሬም ብርጭቆ የሚመስለው ሰው ብቻ ነው።»

ወረቀቱን አውጥታ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «ሟቿ ኪኒንዎን ላቦራቶሪ አስመርምራለች። ከዱቄት በቀር ምንም የለበትም። ዛሬ ለሴቶቹ ልትናገር ነበር፤ ለእርስዎ ግን ስለተዛመዳችሁ ቀድማ ነገረችዎት።»

«ይህ ግምት ነው» አለ።

«ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ቀርቦ እጅጌውን ፈታው። አንጓው አብጦ፣ ዙሪያውን አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት እንደ ማኅተም ጠቁረውበት ነበር። ፋርማሲስቱ ጣቶቹን ለማጠፍ ሲሞክር ፊቱ ጠቆረ።

እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። «እንደዚያ ትይዘኛለች ብዬ አላሰብኩም» አለ ቀስ ብሎ። «አጥንቴ ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

«እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዱቄት ነዋ ስንውጥ የኖርነው» አለች አዋላጇ በመጨረሻ። «አጥንታችንን ይዞ ያቆየን ታዲያ ምን ነበር?» ግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት ብረቶች ዞራ አየች።

መርማሪዋ ለአሰልጣኟ ከዚህ በኋላ የሚጠይቃት እንደሌለ፣ ማስረጃው ተሰብስቦ ሲያልቅም ክፍሉን መልሳ እንደምትከፍት ነገረቻት። አሰልጣኟ ወገቧን አጉብጣ ለመነሳት ሞከረች፤ መልሳ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። አዋላጇ በአንድ ወገን፣ ልጅየዋ በሌላው ወገን ክንዷን ያዙ።

«ተይ ልጄ፣ በወገብሽ አትነሺ» አለቻት አዋላጇ፣ አሰልጣኟ ለእነሱ በየቀኑ በምትናገርበት ድምፅ። «ጀርባ ቀጥ። ትንፋሽ ያዢ። አሁን በእግርሽ ግፊ።»