ደጀኔን የያዘው እጅ

ደበበ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አልቆሰለም፣ አጥንቱ አልተሰበረም፣ አካፋው አጠገቡ ነበር። የጨለለቅቱ ሰው ግን ምን ምርመራ ያሻዋል? ሬሳው ሳይገነዝ ገዳይዋን አውቆ ጨረሰ፤ ያቺ ከዲላ የምትመላለሰው ተማሪ ናት ተባለ።

ሮሆቦት የማዕድን ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈር ስትፈልግ ጉድጓዱን በአቶ ደጀኔ ማሳ ዳር አስቆፈረች፤ ቆፋሪዋም ሟቹ ደበበ ነበር። ሴት ልጅ ከመሬት ሆድ ምን አላት የሚል ሞልቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እንዲህ የሚል ሰው ቤቱ የቆመበት ድንጋይ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

ኢንስፔክተር አትጠገብ ስትደርስ ልጅቷ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጣለች። ፊቷ ያለው ወረቀት «በጥንቃቄ ጉድለት ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆኛለሁ» ይላል። ከፈረመች እስር ይጠብቃታል፤ ትምህርቷም እዚያው ያበቃል።

«ማን ጻፈው?»

«አቶ ሙሉጌታ፣ የቡና መፈልፈያው ሥራ አስኪያጅ። ‹ፈርሚ፣ በሽማግሌ ያልቃል፤ ለአንቺው ብዬ ነው› አለኝ።»

«ታዲያ?»

«አልፈርምም። ቅዳሜ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድኜ ነው የሄድኩት። ጠዋት ጠዋት ፋኖስ ለኩሼ በገመድ ሳላወርድ ደግሞ ማንም አይገባም። መብራቱ ከጠፋ ታች ያለው አየር ሰው ይገድላል።»

«ዛሬስ?»

«ዲላ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ መምህሬ ፊት ጥናቴን ሳቀርብ ነበር፤ ይጠይቁት።»

ኢንስፔክተሯ ደወለች። መምህሩም እንደዚያው አለ።

ጉድጓዱ ዘንድ ሄዱ። መውረጃው ገመድ አልተበጠሰም። ታች ግን የቡና ልጣጭ ተከምሮ ኮምጣጣ ሽታው ይወጣል። ሮሆቦት ፋኖሱን አወረደች፤ ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ።

«ልጣጩ ሲብላላ የሚወጣው አየር ከባድ ነው» አለች። «ተከድኖ ሲያድር ታች ይተኛል። ሁለት ትንፋሽ ይበቃል።»

የማሳው ባለቤት ደጀኔ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ከደበበ ጋር በድንበር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ቢሆንም ወድቆ ሳየው ዘልዬ ልገባ ነበር። ከኋላዬ የደረሰው ሙሉጌታ ነው ወገቤን ይዞ ያስቀረኝ። ሬሳውንም ከላይ ሆነን በሜንጦ ሳብነው።»

«ልጣጩስ የእርስዎ ነው?»

«ከየት አምጥቼ? እኛ ቡናውን ከነልጣጩ ነው የምንሸጠው። መፈልፈያ ያለው ሙሉጌታ ብቻ ነው።»

የሟቹ ሚስት ማሚቱ ከለቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ንጋት ላይ ሞተር ሳይክል አጥራችን ጋ ቆመ። ደበበ ወጥቶ አነጋግሮ ተመለሰና ‹ጉድጓዱ ውስጥ ልጣጭ ደፍተዋል፣ ልጅቷ ፋኖሷን አውርዳ አይታዋለች ተብያለሁ፣ ላውጣው› ብሎኝ ሄደ። ሰውየውን አላየሁትም።»

«ሰሞኑን ያሳሰበው ነገር ነበር?»

«ሐሙስ ወረዳ ሊሄድ ነበር። አምና መፈልፈያው ግቢ ስለሞተው ሠራተኛ የማውቀውን እናገራለሁ፣ ከዚህ በላይ አላፍነውም ይል ነበር።»

አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች። ሙሉጌታም መጣ፤ ወረቀቱን እንደያዘ።

«ይቺ ልጅ ካልፈረመች ነገሩ መቼ ያልቃል?» አለ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ደበበ አልወደቀም፤ በገመዱ ወርዶ አየሩ ገደለው። ፋኖስ ሳይወርድ የማይገባ ሰው የገባው ወርዷል ብለው ስለዋሹት ነው። ሮሆቦት ደግሞ ዲላ ናት። ማን ዋሸው?»

«እኔን ምን አገባኝ? እኔ እንኳን ሰው አድኛለሁ፤ ደጀኔ ይመስክር።»

«መስክሯል። የያዝኩዎትም በእሱ ነው። የወደቀ ሰው ያየ ሁሉ ዘሎ ይገባል፤ እኔም ብሆን እገባ ነበር። እርስዎ ለምን ያዙት?»

«ይደረመሳል ብዬ።»

«የሚደረመስ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆመው በሜንጦ ሬሳ ሳቡ?»

ሙሉጌታ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህን አየር እዚህ ሰፈር የምታውቀው ሮሆቦት ናት። ሌላው ደግሞ አምና በራሱ የልጣጭ ጉድጓድ ሠራተኛው ሲሞት አይቶ ‹ልቡ ነው› ብሎ ያስቀበረ ሰው ነው። ደበበም አይቶ ነበር፤ ሐሙስ ሊናገር ነበርና ንጋት ላይ በሞተር ሳይክል ሄደው ‹ፋኖሱ ወርዷል› አሉት። አንድ ሰው ሲሞት የልጅቷ ጥፋት ይባላል። ደጀኔ ተከትሎ ቢሞት ግን ሰው ሁሉ ስለ አየሩ መጠየቅ ይጀምራል። ለዚህ ነው ያዳኑት። የመፈልፈያው ጥበቃዎም የአምናውን ሞትና ቅዳሜ ማታ አሥር ጋሪ ልጣጭ እዚህ ማስደፋትዎን ቃሉን ሰጥቶ አረጋግጧል።»

«ይህን ሁሉ ያመጣችው ይቺ ፋኖስ ለኳሽ ናት» አለ ሙሉጌታ። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ደጀኔ ወደ ሮሆቦት ዞረ። «ልጄ፣ አሁንስ ይህን ትምህርት ትተይው የለ? ባንክ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ።»

«ጋሽ ደጀኔ፣ ተመርቄ ወርቅ ማውጫ እቀጠር፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ እቀጠር፣ ሥራው ይኸው ነው። ሰው ጉድጓድ መቆፈር ይተዋል?»

«ኧረ የት ይተዋል።»

«እንግዲያው ሲወርድ አፉ ላይ የሚቆም ያወቀ ሰው ያስፈልገዋል። አልተውም።»

ማሚቱ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች። ልጅቷን እጇን ያዘቻት።

«ነገ ቀብሩ ላይ ከእኔ ጎን ትቆሚያለሽ» አለቻት። «የሚናገር ካለ ለእኔ ይንገረኝ።»