ከሣሩ ሥር የመጣው ዝምታ

ምንትዋብ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ስታዳምጥ፣ ከራሷ በላይ ሰዎች ተዘቅዝቀው ጎልፍ ይጫወቱ ነበር። ሰማያዊት እንደ በርሜል እየተሽከረከረች ምድርን የምትዞር ከተማ በመሆኗ፣ የአንዱ መሬት ለሌላው ጣሪያ ነው። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ምንትዋብ ደግሞ የሣር ሐኪም ናት፤ ጆሮዋ ያለው ከታች ነው።

“ሥር አድማጭ” የሚሉት መሣሪያዋ ቀጭን ዘንግ ነው። አፈር ውስጥ ሲተክሉት፣ ኔማቶዶች ሥር ሲወጉ የሚያሰሙትን ድምፅ ያጎላል። ኔማቶድ በዓይን የማይታይ፣ ክር የመሰለ ትል ነው። ሥሩን እየወጋ ይመጥጠዋል፤ ሣሩም ውሃ መሐል ቆሞ በጥም ይሞታል።

ያን ሰሞን ሜዳው በሙሉ ይንኮሻኮሽ ነበር።

የከተማዋ ዋና መሐንዲስ ኦላና መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

“ነገ አፈሩን በእንፋሎት እንቀቅለዋለን” አላት።

“ኢንጂነር፣ ከቀቀሉት አፈሩም አብሮ ይሞታል። እንደገና ሣር እስኪያበቅል ስንት ዓመት!”

“የሜዳው ፍሳሽ የሚወርደው ወደ አትክልት ቦታው ነው። ትሉ እዚያ ከገባ ምን እንበላለን?”

ሰማያዊት ውስጥ ሌላ ሣር የለም። ከክሊኒክ የወጡ ሕመምተኞች እንኳ እንደገና መራመድ የሚለማመዱት እዚህ ነው።

ምንትዋብ ዘንጓን ይዛ የጎልፍ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ዞረች። ሰባተኛው ጉድጓድ ዘንድ ስትደርስ ድምፁ ጠፋ። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው፤ ሌላ ቦታ ተክላ ሞከረችው፤ ይሠራል። እዚህ ግን ዝም ነው። ሣሩም አረንጓዴ ነው።

ከአፈሩ ቆንጥራ በማይክሮስኮፕ አየች። ትሎቹ አሉ። ነገር ግን ቆዳቸው ላይ ጥቃቅን እንክብሎች ተለጥፈዋል፤ ሆዳቸውም በባክቴሪያ ተሞልቷል። ሥር የሚወጋ ጉልበት አልቀረላቸውም።

አጠገቧ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

“ጋሽ ሽብሩ፣ እዚህ ከእርስዎ ሌላ ማን ይጫወታል?”

“ማንም። የእኔም እግር ከዚህ አልፎ አይሄድልኝ። ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?”

ጫማቸውን አየች። ያረጀ ቆዳ ነው፤ የሶሉ ስንጥቅ በደረቅ ጭቃ ተሞልቷል።

“ይህን ከየት አመጡት?”

“ከምድር ነዋ! ቢሾፍቱ አጠገብ ስጫወት አደርገው የነበረ ነው። የዚህ በር ጫማ አጣቢ ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሳይታጠብ እገባለሁ” አሉ ፈራ ተባ እያሉ።

ምንትዋብ ነገሩ ገባት። ከተማዋ ስትሠራ አፈሩ ከማንኛውም ሕይወት ተጣርቶ ነበር የመጣው። ትሉ ግን እንደ ምንም ከችግኝ ጋር ሾልኮ ገባ፤ ጠላቱ ምድር ቀረ። ያን ጠላት ሳያውቁት ያመጡት እኚህ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

“ኧረ ተይ! ምን ሆነሻል?” አሉ ጋሽ ሽብሩ ደንግጠው።

ኦላና ተጠርቶ መጥቶ በማይክሮስኮፑ ደጋግሞ አየ። ከዚያ፣ “ፍሳሹን ወደ ታንከር እናዞረዋለን። ታንከሩ እስኪሞላ ጊዜ አለሽ” አላት።

ከሰባተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያው ያለበት አፈር እየተቆፈረ በሜዳው ሁሉ ተበተነ። ተጫዋቾቹ ዱላቸውን ጥለው ባልዲ ተሸከሙ፤ ሕመምተኞቹም በአቅማቸው አገዙ። ታንከሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ምንትዋብ ዘንጓን ተክላ አዳመጠች። መንኮሻኮሹ ሳስቷል። ከቢጫው መሐል አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል።

“ትሎቹ አለቁ?” አላት ኦላና።

“አላለቁም፤ እንዲያልቁም አልፈልግም። ባክቴሪያው የሚኖረው በእነሱ ነው። እነሱ ካለቁ እሱም ያልቃል፤ ሌላ ትል የመጣ ቀን ደግሞ ባዶ እጃችንን እንቀራለን።”

ኦላና የተወለደው እዚሁ ሰማይ ላይ ነው። አፈር በባዶ እጁ ነክቶ አያውቅም።

“እኔ ከምድር የመጣነው እኛ ሰዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር” አለ።

ጓንቱን አወለቀና ቁጢጥ ብሎ መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈ።

“እናመሰግናለን” አለ ቀስ ብሎ።

ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገባቸው የቆሙት ጋሽ ሽብሩ ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው፣ “ምንም አይደል ልጄ” አሉ። ምንትዋብ ግን ማንን እንዳመሰገነ አልጠየቀችውም።