ሃልቮር የሰው ስኪ አይቀባም

ቱርዲስ ሃልቮርን ካኮረፈችው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያኔ ሁለቱም በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ፣ በረዶ ላይ የሚወዳደሩ፣ የሚዋደዱ ወጣቶች ነበሩ። ከሚኖሩበት ሸለቆ አንዲት ሴት ብቻ ለኖርዌይ ቡድን በምትመረጥበት ቀን ጠዋት፣ ስኪዋን በረዶ እንዳይጣበቅበት ሰም የቀባላት እሱ ነበር። ጫካው ጋ ስትደርስ በረዶው ከእግሯ ሥር እየተጣበቀ እንደ ጡብ ተቆለለ። ቆማ በዱላዋ ስትፍቅ የሃልቮር እህት አልፋት ሄደች። የተመረጠችውም እህቱ ናት።

«ለእህቱ ብሎ ነው ያበላሸባት» አለ መንደሩ። ቱርዲስም አመነች። ሃልቮር ሦስት ቀን በሯን አንኳኳ፤ ሦስቱንም ቀን አልከፈተችም። በአራተኛው ቀረ። መቅረቱንም ቂም ያዘችበት።

እሱ አንድ ክረምት ተወዳደረና ተወው፤ የመንደሩን ልጆች ማሰልጠን ያዘ። እሷ የስፖርት ክበቡ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ትጋግርለታለች፤ ቡናማውን አይብ ወፈር ብሎ ሲቆረጥ እንደሚወድ ታውቃለች፣ ወፈር አድርጋ ታስቀምጥለታለች።

«አመሰግናለሁ» ይላል።

እሷ ወደ መጋገሪያዋ ትዞራለች። ሲወጣ ግን በእንፋሎት የታፈነውን መስኮት በእጅጌዋ ጠርጋ ታየዋለች።

ማስተማሩ የቀስታ ነው። መጀመሪያ ዱላቸውን ይቀማቸዋል፤ እጅ ካልረዳ እግር ይማራል ባይ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሰዓት አይዝባቸውም። ልጅ ሲወድቅ አያነሳም፤ አጠገቡ በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪነሳ ይጠብቃል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ግትር ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ የበረዶውን ሙቀት ለክቶ፣ የሚስማማውን ሰም መርጦ፣ ስኪውን ራሱ ይቀባል። ሃልቮር የማንንም አይነካም።

ዘንድሮ ወሬ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ወደ ሰሜን፣ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ለማሰልጠን ሊሄድ ነው አሉ። ቱርዲስ የዚያን ቀን ሦስት ዋፍል አሳረረች።

በማግስቱ ሃልቮር የሚያሰለጥናት የወንድሟ ልጅ ሲግኔ ፊቷን ጥላ ወጥ ቤት ገባች።

«አክስቴ፣ ሃልቮርን ስኪዬን ቅባልኝ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ።»

«ሰነፍ ስለሆነ ነው።»

«አይደለም። ድሮ ለአንዲት ልጅ ቀብቼ አበላሸሁባት አለኝ። የሙቀት መለኪያውን በረዶው ውስጥ መሰካት ሲገባኝ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ላይ ያለውን አንብቤ፣ የእርጥብ በረዶ ሰም ቀባሁላት አለ። ጫካ ውስጥ ያለው ግን ደረቅ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ስህተት ጀማሪም አይሠራም።»

«እኔም እንደዚያው አልኩት። ‹እሷን እያየሁ ነበር› አለኝ። አክስቴ፣ ሊጡ እየፈሰሰ ነው።»

ቱርዲስ ሽርጧን ፈታች። «አንቺ ጥረጊው» ብላ ወጣች።

ከቤቷ ጣሪያ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ያልተነኩትን ስኪዎች አወረደች። አቧራቸውን በቀሚሷ ጠረገችና ተሸክማቸው ሄደች። ሃልቮር ሰም መቀቢያው ክፍል ብቻውን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አኖረችለት።

«ቅባልኝ» አለችው።

ሃልቮር መጀመሪያ ስኪዎቹን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ድምፅዋን ከሰማ ስንት ጊዜው።

«የሰው አልቀባም።»

«ደንብህ ለልጆች ነው። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው።»

«ባበላሽስ?»

«አበላሽተህ ታውቃለህ። አልሞትኩም።»

መለኪያውን ይዞ ወጣ። ጥላ ያለበት ዛፍ ሥር በረዶው ውስጥ ሰካውና ተንበረከከ። እሷም አጠገቡ ተንበረከከች። ትከሻቸው ተነካካ፤ አንዳቸውም አልሸሹም።

«ልትሄድ ነው አሉ» አለች፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሳ።

«የሚያስቀረኝ ሰው አጣሁ።»

«ሦስት ቀን ብቻ አንኳኩተህ ቀረህ። በአራተኛው ልከፍትልህ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር።»

ሃልቮር ቀና ብሎ አያት። «አሁን ባንኳኳስ?» አለ።

«መጀመሪያ ቁጥሩን አንብብ። ደግሞ እኔን አትይ።»

አነበበ። ገብቶ ቀባላት፤ ቀስ ብሎ፣ በስስ በስሱ፣ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ። ቱርዲስ ስኪዎቹን አጠለቀችና ወደ ጫካው አቀበት ወጣች። አንድ እርምጃ ረገጠች። ሁለተኛውን ረገጠች። አልተጣበቀም፣ ወደ ኋላም አላንሸራተታት።

ዞር አለች። ሃልቮር በሩ ላይ ባዶ እጁን ቆሟል።

«ሰሙ ያዘ» አለችው። «ምን ቆመሃል? ያንተንም አምጣና ና። ሰሜኑን ሌላ ሰው ይሂድበት።»