ቡላ የተደገፋት ሴት

ጋሽ አስረስ እሑድ ቀትር ላይ፣ ላፍቶ በሚገኘው ቤታቸው ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ተከራያቸው ሚሳኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። ጎረቤቱ ሁሉ አዳልጧቸው ነው ብሎ ነበር። ሐኪሙ ግን ከመውደቃቸው በፊት ጭንቅላታቸውን በዱላ መሳይ ነገር እንደተመቱ አረጋገጠ። ከእጃቸው የማይለየው ከዘራም የለም።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ትሩፋት ስትደርስ፣ አዬ የሰፈር ሰው፣ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ገዳይዋ የቤቱ ሠራተኛ ጫልቱ ናት! ማስረጃው ደግሞ ውሻው ነው። ቡላ ባዕድ ሰው በሩን ሲነካ ሰፈር የሚያናውጥ ውሻ ነው፤ እሑድ ግን አልጮኸም። ስለዚህ የገባው የሚወደው ሰው ነው ተባለ። ቡላ ከጌታው ሌላ የሚወደው ከቡችላነቱ ጀምራ ያበላችውን ጫልቱን ብቻ ነው።

ጫልቱ ጀሞ ጸሎት ቤት ነበርኩ ትላለች። ግን ራሷን አሟት ፕሮግራሙ ሳያልቅ ወጥታ ብቻዋን በእግሯ ነው የመጣችው፤ ያያት የለም። የትሩፋት አለቃ እስከ ማታ ይዘሻት ነይ ብሏል። ትሩፋት ግን ልቧ እምቢ አላት። ጫልቱ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ አታለቅስም፣ የሚያናግራትም የለም። ሰው እንዲህ በአንድ ቀን ባዕድ ሲሆን ማየት ያስፈራል።

ትሩፋት በመጀመሪያ እሑድ ታመው ቤት የዋሉትን ጎረቤት፣ እትዬ አረጋሽን ጠየቀች።

«እርግጠኛ ነዎት፣ አልጮኸም?»

«አልጮኸም፣ ልጄ። አንዴ ብቻ ሲያለቅስ ሰማሁ። ልጆች በድንጋይ መቱት ብዬ ተውኩት።»

«ጋሽ አስረስ ራሳቸው እንግዳ ሲያስገቡስ?»

«እሳቸው ካሉማ ምን አለበት? ክብደቱን እግራቸው ላይ ጥሎ ዝም ነው። አንገቱን ይዘው ማንንም ያስገባሉ።»

ሚሳኤል ደግሞ ቡላ ሬሳውን አላስነካ ስላለ መጋዘን ቆልፎበት እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ወዲህ አልወጣም፤ ጫልቱ ብቻ በበሩ ሥር ምግብ ትሰጠዋለች።

ቀጥሎ ጥቁር ለብሶ የመጣው የጋሽ አስረስ የወንድም ልጅ ጌቱ ነው፤ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ አለው። ለለቅሶ ትናንት ከሰዓት ከመምጣቱ በቀር፣ ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ግቢ አልረገጥኩም አለ።

«ብመጣ ኖሮ ሰፈሩ አይሰማም? ቡላ እኔን ሲያይ ያብዳል። ሦስት ዓመት ጮሆብኛል።»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም መሰከረለት።

ትሩፋት መጋዘኑን አስከፈተች። ቡላ ወጣ፣ በሩ ላይ የቆመውን ኮንስታብል ሊበላው ደረሰ። ጫልቱን ሲያይ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛ፣ ዓይኑ ለሰለሰ፣ ወገቡ ሁሉ እየተወዛወዘ ሄዶ ጎኑን እግሯ ላይ ጣለ። ረጅም ትንፋሽም ተነፈሰ።

ያኔ ጌቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። ቡላ አልጮኸም። መሬት ላይ ተጋደመና ሆዱን ሰጠው። ሰዉ ጉድ ነው አለ፣ ወደደው ተባለ። ጌቱም ደስ አለው።

«ጌታውን ሲያጣ ወገኑን ለየ» አለ።

ትሩፋት ጎንበስ ብላ አየች። ጭራው እግሮቹ መሃል ገብቷል። ምንም ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል። የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ሥሩ ያለው አፈርም ርሷል። ጎኑን ስትዳስሰው አንድ ቀጭን፣ ረጅም እብጠት አገኘች። ውጭ ወጥታ ስልክ ደወለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«የፖሊስ ውሾች ክፍል አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «ውሻ ሲወድ ይለሰልሳል፣ ክብደቱን ይጥልብሃል። ለጫልቱ ያደረገውን አይታችኋል። ሆዱን መስጠቱን ግን ተሳስታችሁ ነው ያነበባችሁት። ጭራውን ቀብሮ፣ እየሸና ሆዱን የሚሰጥ ውሻ አትምታኝ እያለ ነው።»

ጌቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ።

«አቶ ጌቱ፣ ሦስት ዓመት የጮኸብዎ ውሻ ዛሬ ለምን ፈራዎት? ባለፈው ስትገናኙ የሆነ ነገር ሆኗል፤ ጎኑ ላይ ያለው የበትር እብጠትም የሁለት ወር ሳይሆን ትኩስ ነው። ትናንት ለለቅሶ ሲመጡ እሱ ተቆልፎበት ነበር። ስለዚህ ከእሑድ ቀትር በፊት ተገናኝታችኋል። ሲገቡም ያልጮኸው ስለሚወድዎ አይደለም። አጎትዎ ራሳቸው በሩን ከፍተው፣ አንገቱን ይዘው ስላስገቡዎት ነው። እትዬ አረጋሽ የሰሙት ለቅሶም ከዘራው ጎኑ ላይ ሲያርፍ ነው።»

«በውሻ ነው ሰው የምትከሱት?»

«ውሻ ፍርድ ቤት አይቆምም። የት እንደምፈልግ ግን ነገረኝ። በብርበራ ፈቃድ ሱቅዎ ተፈትሿል፤ ከዘራው ኮርኒሱ ውስጥ ነበር። ጫፉ ላይ ደምም አለ፣ የቡላ ፀጉርም አለ።»

ጌቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ቤቱን ለእሷ ሊያወርሷት ነበር» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እኔ ሥጋቸው ቆሜ!»

ጫልቱ ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አታውቅም ነበር።

ጌቱ ተወሰደ። እትዬ አረጋሽ ይቅርታ ሊሏት ቀረቡ፣ ሌላውም ተከተለ። ጫልቱ እጃቸውን አልገፋችም፤ ግን አልያዘችውም።

«አሥራ አንድ ዓመት ስትታመሙ አስታምሜያችኋለሁ፣ እትዬ። አንድ ሰው እንኳ እሷ አታደርገውም አላለም።»

ትሩፋትም መሬት መሬት አየች፤ እሷ ራሷ ጠዋት ካቴና ይዛ ነበር የመጣችው።

ቡላ ጋሽ አስረስ የወደቁበትን ድንጋይ ቆሞ አሸተተ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና ጎኑን ጫልቱ እግር ላይ ጣለ። እሷም ያን ጊዜ አለቀሰች።